የኤኮው አውራ ጣት

ኤልሚና በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ውስጥ ኤኮው ቤንቲል የማን ደጋፊ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የፕሬዚዳንት ምርጫ በሚደርስበት ወር ኤልሚና ውስጥ ፍየሏም ወገን አላት። የፋኖስ ፓርቲ ሰው ፍየል የመቅዘፊያ ፓርቲ ሰው ጓሮ ገብታ ካሳቫ ከበላች፣ ነገሩ የፍየል ነገር መሆኑ ይቀርና ሽማግሌ ይቀመጥበታል። በዚህ መሃል አንድ ጎልማሳ፣ ያውም ቀኑን ሙሉ አደባባይ ላይ ቆሞ ግድግዳ የሚቀባ ሰው፣ ሆዱን ሳያስነብብ መክረሙ የተለየ ችሎታ ይጠይቃል።

ኤኮው ሠዓሊ ነው። የቪዲዮ ቤቱን ፖስተር የሚሥለው እሱ፣ በጀልባዎቹ ጎን ላይ ጽሑፍና አበባ የሚጥለው እሱ፣ የፀጉር ቤቶቹን ታፔላ የሚሠራው እሱ፣ ምርጫ ሲመጣ ደግሞ የሁለቱንም ትልልቅ እጩዎች ፊት ግድግዳ ላይ የሚያፈካው ያው እሱ ነው። ጠዋት የፋኖሱን እጩ ጉንጭ ሞላ ሞላ ያደርግና ከሰዓት በኋላ መንገድ ተሻግሮ የመቅዘፊያውን እጩ ሽበት ያጠቁራል። ሲጨርስ ስሙን አይጽፍም። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ከታች ጥጉ ላይ ያሳርፋል። ልጅ ሳለ የቀለም ቆርቆሮ በመሮ ሊከፍት ሲታገል ጣቱን ሰያፍ ሰንጥቆት ነበርና፣ አሻራው መሃል ለመሃል ነጭ መስመር ያቋርጠዋል። ከወደቡ እስከ ገበያው ድረስ ያቺን ለሁለት የተከፈለች አሻራ የማያውቅ የለም፤ ፊርማው ናት።

«ኤኮው፣ ዘንድሮ ፋኖስ ነው አይደል?» ይለዋል አንዱ አላፊ።

«ብርሃን የሚጠላ አለ እንዴ?» ይላል ብሩሹን ከግድግዳው ሳያነሳ።

«ኤኮው፣ መቅዘፊያ ነህ ሲሉ ሰማሁ!» ይለዋል ሌላው።

«ያለ መቅዘፊያ የት ይደረሳል ወንድሜ?»

ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ዋሽቷል አይባልም፣ እውነቱን ተናግሯልም አይባልም። እንጀራው የሁሉም ሰው ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ አፉን በቀለም አርጥቦ ኖሯል። ክፋት የለበትም። ፈሪ ነው ብትሉኝ ግን አልከራከራችሁም።

ችግሩ የመጣው ኤኩዋ መንሳን ሲወድ ነው። ኤኩዋ ወደቡ አጠገብ በትልልቅ የጭቃ ምድጃ ዓሣ በጭስ እያደረቀች የምትሸጥ፣ ድምጿ ከማዕበሉ በላይ የሚሰማ ሴት ናት። የመጀመሪያ ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ያበሰለችውን ሁሉ «ግሩም ነው»፣ የለበሰችውን ሁሉ «ያምርብሻል»፣ የተናገረችውን ሁሉ «ልክ ነሽ» ይል ነበር፤ በኋላ ሲጣራ ታኮራዲ ከተማ ላይም ሌላ ሚስት ይዞ ለእሷም ይህንኑ ሲላት ከርሟል። ከዚያ ወዲህ ኤኩዋ ሙገሳ ስትሰማ ቦርሳዋን ጠበቅ ታደርጋለች።

እሷና ኤኮው አርብ አርብ አመሻሽ ላይ ብላንክሰን ቪዲዮ ቤት ይገናኛሉ። በዝንጅብልና በበርበሬ የተጠበሰ ሙዝ በወረቀት ጠቅልለው፣ መደገፊያ ያለውን የኋላ አግዳሚ ወንበር ይይዛሉ። ብላንክሰን የቤቱ ባለቤት ነው፤ ጠጋ ብለው የሚቀመጡትን ጥንዶች ሲያይ ጉሮሮውን ይጠርጋል እንጂ ሌላ አያደርግም። ፖስተሩ ላይ ሁልጊዜ እባብ አለ። ፊልሙ እባብ ኖረበት አልኖረበት ኤኮው አንድ ወፍራም እባብ ይጨምርበታል፤ እባብ ሰው ይጠራል። ተመልካች «እባቡስ የታል?» ብሎ ሲጮህ ብላንክሰን «ክፍል ሁለት ላይ ይመጣል!» ብሎ ይመልሳል፤ ክፍል ሁለት ሲመጣ ክፍል ሦስት ይላል።

ፊልሙን የምትመርጠው ኤኩዋ ናት፤ ምርጫዋም አንድ ዓይነት ነው። አማት ሙሽራዋን ታንገላታለች፣ ሙሽራዋ ታለቅሳለች፣ ክፍል አንድ ላይ የሞተው ባል ክፍል ሦስት ላይ መንታ ወንድም ይኖረዋል። ኤኩዋ ለዚሁ ብላ የያዘችውን መሀረብ አውጥታ ከልቧ ታለቅሳለች። ሲወጡ «እንዴት ነበር?» ትለዋለች።

«ተዋናይቷ እንባ አላት» ይላል ኤኮው።

«እሱማ አላት። ፊልሙ እንዴት ነበር ነው የምልህ?»

«ረጅም ፊልም ነው።»

እንዲህ እያለ ዓመት ሞላው። በመጨረሻ ነገሩ ወደ ቁም ነገር ተሻገረና፣ ኤኮው ከምርጫው በኋላ ባለው ቅዳሜ እንደ አገሩ የጋብቻ ወግ ወገኑንና መጠጡን ይዞ የኤኩዋን ቤተሰብ በር እንዲያንኳኳ ቀን ተቆረጠ። ቀኑን የቆረጡት ዎፋ ኤሲልፊ ናቸው። ዎፋ የእናት ወንድም ማለት ነው፤ የእሷ ነገር የሚያልቀው በእሳቸው አፍ ነው። ደግሞም የፋኖስ ፓርቲ የሰፈሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ በራቸው ላይ ቀንም ሌሊትም የሚበራ ፋኖስ አንጠልጥለዋል።

«በድላችን ማግስት ና» አሉት። «የኛ ልጅ ፋኖስ ወደሌለበት ቤት አትገባም። ተግባባን?»

«ዎፋ፣ በጨለማማ እንዴት ይገባል?» አለ ኤኮው። ዎፋ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

ኤኩዋ ግን አልተደሰተችም። ከምርጫው በፊት ባለው እሑድ የዘንባባ ፍሬ ሾርባ ሠርታ ጠራችው። ኤኮው ከካሳቫ የተወቀጠውን ፉፉ እየቆረሰ በሾርባው እያወራረደ ሳህኑን አጸዳው። ግንባሩን አላበው፤ ውኃ በላይ በላዩ ጠጣ።

«ጣፈጠህ?»

«ኃይል ያለው ሾርባ ነው።»

«ጨው ሁለት ጊዜ ነው የጨመርኩበት» አለች ኤኩዋ። «ሆን ብዬ። እኔ ራሴ መቅመስ አልቻልኩም።»

ኤኮው የውኃውን ጽዋ መልሶ አነሳ።

«ስማኝ ኤኮው። አንተ እንደምትቀባው ግድግዳ ነህ፤ ሁሉም የፈለገውን ይሥልብሃል። ደግ ነህ፣ አትጠጣም፣ እጅህ ንጹሕ ነው። ግን ከማን ጋር እንደምጋባ አላውቅም። ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ የሚለኝ ባል አግብቼ አይቻለሁ። ቅዳሜ ስትመጣ ዎፋ መጠጡን እንቀበል ወይ ብለው ሦስት ጊዜ ይጠይቁኛል። ሦስቱንም ጊዜ ዝም እላለሁ፤ ማርያምን!»

ኤኮው ያን ቀን እየተንገዳገደ ነው ቤቱ የገባው፤ ግማሹ ድንጋጤ፣ ግማሹ ጨው።

እዚህ ላይ ስለ ሦስተኛው እጩ መናገር አለብኝ፤ ሌላው ሁሉ ረስቶታልና። ምልክቱ ኤሊ የሆነ አንድ ጡረተኛ መምህር ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በእግሩ ወደ ኤኮው ሱቅ መጥቶ «አንዲት ትንሽ ሥዕል ሥራልኝ፤ ሽበቴን አትንካ» ብሎት ነበር። የፋኖሱ እጩ ፎቶ በላከ ቁጥር ፈገግታው ያው ነው፤ ኤኮው ዓይኑን ጨፍኖ ሊሥለው ይችላል። የመቅዘፊያው እጩ ድርብ አገጩ አንድ ሆኖ እንዲሣል ሰው ልኮ ያስቆጣዋል። ይሄኛው በርጩማ ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። በሩ ላይ የተሰበሰቡት ዓሣ አጥማጆች «ወደቡን አስቆፍረህ ታስጠልቅልናለህ ወይ?» ብለው ጮኹ። ሰውየው አሰብ አደረገና «አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ጠይቄ እነግራችኋለሁ» አለ። ሳቁ ባሕሩ ዳር እስካለው አሮጌ ምሽግ ድረስ ተሰማ። ኤኮው ብቻ አልሳቀም። ያን ቀን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይጨምር፣ ምንም ሳይቀንስ ሥዕል ሠራ።

የምርጫው ዕለት ሐሙስ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ሰልፍ ተይዞ፣ ትንሿ ጣት ቀለም ተነክራ፣ ኤኮው የካርቶን መከለያው ውስጥ ብቻውን ቆመ። ማንም አልጠየቀውም፣ ማንም አያየውም። ሦስቱ ፊቶች ከወረቀቱ ላይ አፈጠጡበት። አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ጫን አደረገና ኤሊዋ ላይ አሳረፈው። ከዚያ ሬዲዮው ሲያስተምር እንደከረመው፣ እርጥቡ ቀለም የጎረቤት እጩ ላይ ታትሞ ድምፁ እንዳይበላሽ፣ ወረቀቱን በቁመቱ አጠፈ። የተጠነቀቀው ለዚህ ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በጣቱ ሲፈርም የኖረ ሰው በዚያው ጣት ሲመርጥ ሌላ ነገር አልታሰበውም። እያፏጨ ወጣ።

አመሻሽ ላይ ሳጥኑ እዚያው ማንጎው ሥር ተከፈተ። ቆጠራ በኤልሚና ከዓመት በዓል አይተናነስም፤ የተጠበሰ ዓሣና በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ኬንኬ ይዘው የሚመጡ አሉ። አስቆጣሪዋ እያንዳንዱን ወረቀት ዘርግታ ለሕዝቡ ከፍ አድርጋ ታሳያለች፣ ምልክቱን ትጠራለች።

«ፋኖስ!» እልልታ። «መቅዘፊያ!» ከበሮ። «ፋኖስ!» ዎፋ ኤሲልፊ ሸማቸውን ትከሻቸው ላይ ያስተካክላሉ። «መቅዘፊያ!» ሁለቱ አንገት ለአንገት ተያይዘው ሄዱ።

«ኤሊ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። «ማን ነው እሱ! ተሳስቶ ነው!» «አያቴ ትሆናለች፣ ዓይኗ አያይም!»

«ቆይ፣ ቆይ!» አለ ብላንክሰን፤ ፊት ለፊት ነበር የቆመው። «እመቤቴ፣ እስቲ ያቺን ወረቀት ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጊያት።» አስቆጣሪዋ የሁሉም መብት ነው ብላ ጠጋ አደረገችለት። የብላንክሰን አፍ ተከፈተ። «ይህን ጣትማ አውቀዋለሁ! ሳምንት ሳምንት የቪዲዮ ቤቴ በር ላይ አለ! ከእባቡ ጭራ ሥር!»

የግቢው ሰው ሁሉ ዞረ። ኤኮው ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ይህን ባያደርግ ኖሮ ምናልባት ይጠራጠሩ ነበር።

«ብርሃን የሚጠላ አለ እንዴ ብለኸኝ!» አለ የፋኖሱ ሰው።

«ያለ መቅዘፊያ የት ይደረሳል ያልከኝስ!» አለ ሌላው። ሁለቱ ወገኖች በዚያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ በኤኮው መናደድ።

ነገሩ በሳቅ ባለፈ ነበር። ቆጠራው ሲያልቅ ግን በዚያ ጣቢያ መቅዘፊያ ፋኖስን በአንድ ድምፅ በለጠ። አገሪቱን በመጨረሻ ማን እንደወሰዳት ለዚህ ታሪክ አይጠቅምም። ለዎፋ ኤሲልፊ አገሪቱ ያቺ ማንጎ ነበረች።

«አንድ ድምፅ!» አሉ ኤኮው ፊት ቆመው። «አንዲት ድምፅ ብቻ! እሷንም ለኤሊ! ቅዳሜ እንዳትመጣ። ብትመጣም የቤቴ በር አይሰማህም።»

ኤኩዋ ከዎፋ ኋላ ነበረች፤ የፋኖስ ሥዕል ያለበት ቀሚሷን ለብሳለች። ኤኮውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ በገበያ አዲስ ዓይነት ዓሣ ስታይ እንደምታደርገው። ከዚያ ዞራ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ኤሊ?» አለች።

«ኤሊ» አለ ኤኮው።

«ለምን?»

«ሰውየው አላውቅም አለ።»

«አላውቅም ስላለ መረጥከው?»

«ሌሎቹ ሁሉን ያውቃሉ፣ ኤኩዋ። ሁሉን የሚያውቅ ፊት ስሥል ስሥል ታከተኝ።»

ኤኩዋ በርጩማውን ስባ ተቀመጠች። «እሺ። ሾርባዬ?»

ኤኮው ብሩሹን አስቀመጠ። ምን ቀረው? ከተማው ሁሉ ጣቱን አይቶታል። «ጨው ይበዛበታል። የእሑዱን አይደለም የምልሽ፤ እሱማ ጉድ ነው። ሁልጊዜም ትንሽ ይበዛበታል።»

«ፊልሞቹስ? ያቺ ሙሽራ፣ አማቷ ጉድጓድ የከተተቻት?»

«ተኝቼ ነበር።»

«ክፍል ሁለትን?»

«ከክፍል ሁለት ጀምሮ።»

«አንተ! እንባህ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ!»

«ሰው ሲያዛጋም እንባ ይመጣል።»

ኤኩዋ ተነሳች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች። ለአንድ ዓመት ያለቀሰችበት መሀረብ ሁሉ ትዝ አላት መሰለኝ፣ በጣም ተናደደች። «የምትወደው ፊልም የለህም እንዴ አንተ ሰውዬ?»

አለው እንጂ። አንድ ጊዜ ብላንክሰን የባሕር ጦርነት መስሎት የገዛው ፊልም ነበር። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ባሕሩ ዳር ተቀምጦ የተቀደደ መረብ ይጠግናል። ሌላ ነገር የለም። ሕዝቡ ጮኸ፣ የኬንኬ ቅጠል እየጠቀለለ ወረወረ፣ ብላንክሰንም መሃሉ ላይ አጠፋው። ኤኮው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌው መረቡን ይጨርሰው አይጨርሰው እያለ ሲያስብ ይኖራል። ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

«ዛሬ ማታ እሱን እናያለን» አለች ኤኩዋ።

ብላንክሰን «ወንበሬን ታሰብሩኛላችሁ» እያለ ካሴቱን ከአቧራ አወጣው። ሽማግሌው ተቀመጠ፤ መርፌውን አስገባ፤ አወጣ። ኤኩዋ ሙዟን በልታ ጨረሰች።

«መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ጀምሯል።»

መርፌው ገባ፤ ወጣ። አንድ የባሕር ወፍ መጥታ ሄደች። የፊት ረድፍ ተመልካቾች «ቢያንስ ወፏን መልሷት!» እያሉ አንድ በአንድ ወጡ።

«ኤኮው፣ እኔ ሄድኩ» አለች ኤኩዋ ተነስታ።

የኤኮው ጉልበት በልማዱ ከወንበሩ ነቀል አለ። በዓመቱ ሁሉ እሷ ስትነሳ ተነስቷል። አሁን ግን መረቡ ላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረችው። ተመልሶ ቁጭ አለ። «እኔ መጨረሻውን ማየት እፈልጋለሁ» አለ፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

ኤኩዋ ወጣች። እሱ መጨረሻውን አየ። ፊልሙ አልቆ ከቪዲዮ ቤቱ ሲወጣ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም፤ ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረገ የገባው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ የልቡን አድርጎ፣ በአንደኛው ዎፋን፣ በሁለተኛው ሴቲቱን አጥቷል።

ቅዳሜ ጠዋት አልሄድም ብሎ ነበር። አክስቱ ማሜ አራባ ናቸው የጎተቱት። «መጠጡ ተገዝቷል፣ እኔም ለብሻለሁ» አሉ። «ካባረሩን እዚያው በር ላይ እንጠጣዋለን።»

አንኳኩ። መልስ የለም። እንደገና አንኳኩ። ከውስጥ የኤኩዋ ድምፅ ተሰማ፤ ከማዕበሉ በላይ የሚሰማው ድምፅ። «ዎፋ፣ የሚያንኳኳ ሰው በር ላይ ማቆም ከመቼ ወዲህ የኛ ቤት ልማድ ሆነ?» በሩ ተከፈተ።

ዎፋ ኤሲልፊ ፊታቸውን እንደ ኮሶ ጠጪ አጨማደው ተቀምጠዋል። ማሜ አራባ ጠርሙሶቹን አስቀምጠው ወጉን ጀመሩ። «በዚህ ግቢ ስናልፍ አንዲት ያማረች አበባ አየን፤ ልንጠይቅ መጣን።»

«አበባ ለኤሊ ምን ያደርግለታል?» አሉ ዎፋ። «ይበላው እንደሆነ እንጂ።»

ወግ ወግ ነውና ኤኩዋ ተጠርታ መጣች። ኤኮውን አላየችውም። «ኤኩዋ መንሳ» አሉ ዎፋ፣ «ይህን መጠጥ እንቀበል?»

ዝም አለች።

«ኤኩዋ መንሳ፣ እንቀበል?» ይህን ጊዜ ድምፃቸው ትንሽ ደስ ያለው መሰለ።

ዝም። ማሜ አራባ እጃቸውን ወደ ጠርሙሶቹ አንገት ሰደድ አደረጉ። ኤኮው መሬት መሬት ያያል፤ አውራ ጣቱን በሌላው እጁ ጨብጦ ይዟል።

«ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቃለሁ። እንቀበል?»

«መጀመሪያ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች ኤኩዋ፤ ወደ ኤኮው ዞረች። «ሽማግሌው መረቡን ጨረሰ?»

ኤኮው ቀና አለ። «ጨረሰ።»

«ከዚያስ? ወደ ባሕር ወጣ? ዓሣ ያዘ?»

«አልወጣም። አጣጥፎ ቤቱ ገባ።»

«ያ ብቻ?»

«ያ ብቻ።»

«ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው? ኤኮው፣ ያ መጥፎ ፊልም ነው።»

የቤቱ ሰው ሁሉ ኤኮውን ያያል። አክስቱ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት፤ ልክ ነሽ በላት ማለታቸው ነው። ኤኮው አውራ ጣቱን ለቀቀ።

«ጥሩ ፊልም ነው» አለ።

«መጥፎ!»

«ጥሩ ነው፣ ኤኩዋ። መጨረሻውን ሳታዪ ወጥተሽ ነው።»

«ምኑን ነው የማየው? ዓሣ የሌለበት የዓሣ አጥማጅ ፊልም!»

«ካንቺ ሙሽራ እንባ ይሻላል!»

«እናንተ ሰዎች!» ብለው ዎፋ ዘንጋቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ገና ሳትጋቡ በቤቴ ትጣላላችሁ?»

ኤኩዋ ከኤኮው ላይ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ሳቋ ሊያመልጣት እየታገላት ተናገረች። «ዎፋ፣ መጠጡን ተቀበሉ» አለች።